በፖስታ ያልተላከ መርዶ

ሂኖኡራ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 1987

ለወንድማችን ለሹንሳኩ፣

ቶኪዮ ላይ ብርዱ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ አሉ። ሚስትህና ልጅህ እንዴት ናቸው? እኛ ጋ ባሕሩ ገና አልቀዘቀዘም፤ የመንደሪን ለቀማው ግን ደርቶ ጀርባችን ቀና ማለት አቅቶታል። ወንድምህ ቶዮሺጌ ደኅና ነው። ወገቡን ያመዋል፤ አያመኝም ይላል፤ ያው ታውቀዋለህ።

የመንደሪኑን ሣጥን ወደ መሥሪያ ቤት አትላኩ በማለቴ ተቀየማችሁ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ አልተቀየምኩም። ወንድምህ ግን ሣጥኑን አሥሮ አድራሻህን ጽፎበት ስለነበር በረንዳው ላይ ትቶት፣ ባለፈ ባገደመ ቁጥር በእግሩ ነካ ያደርገው ነበር። ድሮ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ተሻምቶ ይበላው አልነበረም ወይ፣ ዛሬ መንደሪን ይዞ መታየት ነውር ሆነ ወይ ይለኛል። ከአሜሪካኖች ጋር ስለ ብርቱካን ንግድ የሚነጋገር ሰው ጠረጴዛ ላይ የገዛ ወንድሙ መንደሪን ቢታይ ደግ እንደማይሆን አስረዳሁት። ሲገባው ጭራሽ ደስ አለው። እንግዲያውስ ሹንሳኩ እውነትም እዚያ የድርድር ክፍል ውስጥ ነው ብሎ ከእኛ በታች ላለው ጎረቤታችን ለሳዳኦ ሊያወራ ወረደ።

አሁን የጻፍኩበትን ጉዳይ ልንገርህ። ስልክ ያልደወልኩት በገበሬዎች ማኅበሩ የስልክ መስመር ላይ ጆሮ ስለሚበዛ ነው። ማኅበሩ አዲስ የመንደሪን ዘር አምጥቷል፤ ትልቅ፣ ጣፋጭ፣ ገና ሲላጥ ቤቱን የሚያውድ ነው። ወንድምህ የአባታችሁን ዛፎች ጎንድሎ በግንዳቸው ላይ የአዲሱን ዘር ቅርንጫፍ ሊያዳቅል ያስባል። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ፍሬ የሚባል አናይም። ጥርሳችንን ነክሰን እናልፈው ይሆናል። ግን በእነዚያ ዓመታት ለአሜሪካ ብርቱካን በሩ ወለል ብሎ ከተከፈተ፣ የእኛ ፍሬ የሚደርሰው ገዢ በሌለበት ገበያ ነው። አሮጌዎቹን ይዘን ብንቆይ ደግሞ እየለቀምን ቀስ ብለን ሌላ መላ እንፈልጋለን።

የሚያስጨንቀኝ ጉዳዩ የእኛ ብቻ አለመሆኑ ነው። በገደሉ ላይ ያለው እርከናችን ከሁሉ በላይ ነው፤ ውሃውም፣ የሚናደው ድንጋይም ከእኛ ነው የሚወርደው። ወንድምህ ያልጀመረውን ማንም አይጀምርም፤ እሱ የጀመረውን ሁሉም ይከተላል። ልጃችን ኮሄይም ኦሳካ ያለውን የመኪና ፋብሪካ ሥራ ለቅቄ ልምጣ ወይ እያለ ይጽፋል። ስለዚህ አንድ ቃል ብቻ በለን። በሩ ይከፈታል ወይስ አይከፈትም?

ኪኑዌ

ቶኪዮ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1988

ይድረስ ለእትዬ ኪኑዌ፣

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንላችሁ። ለበዓሉ ሳልመጣ በመቅረቴ ይቅር በሉኝ። ሥራ ነው ብዬ ብጽፍ አታምኑኝም፣ ግን ሥራ ነው። ሚስቴ የእናታችንን የበዓል ሾርባ ልትሠራልኝ ሞክራ ነበር። እሷ የቶኪዮ ልጅ ስለሆነች ሾርባው ውስጥ የሚገባውን የሩዝ ቂጣ አራት ማዕዘን አድርጋ ቆረጠችው። በእኛ አገር ክብ ነው ብላት፣ ሆድህ ሲገባ ቅርጹን ማን ያየዋል ብላ ሳቀችብኝ። እኔም በላሁት።

አሜሪካኖቹ ክፉ ሰዎች ናቸው ወይ ትሉ ይሆናል። አይደሉም። አለቃቸው ረጅም ሽማግሌ ነው፤ ሁልጊዜ ጉንፋን ይዞታል፤ ከረሜላ በኪሱ ይዞ እየዞረ ለእኛም ያድላል። የሚለው ነገር ከቀን ቀን አንድ ነው። እናንተ መኪና ትሸጡልናላችሁ፣ በየመንገዳችን የሚሽከረከረው የእናንተ መኪና ነው፤ እኛ ብርቱካን ልንሸጥላችሁ ስንመጣ በር ትዘጋላችሁ ይላል። የእኛ አለቃ በበኩሉ ስለ ገደላማው መሬት፣ ስለ ድንጋይ እርከኑ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ ገበሬዎች ይናገራል። እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ከዚያ ወደዚህ፣ ከዚህ ወደዚያ አመላልሳለሁ። አንድ ቀን አለቃችን ከባሕር በላይ ስላለ አንድ ተራራ ሲናገር፣ ስለ ራሳችን ተራራ በባዕድ ቋንቋ እየተናገርኩ እንደሆነ ገብቶኝ ውሃ ጠጣሁ።

አንድ ቃል በለን ስላላችሁት፣ የመሥሪያ ቤቴን ጉዳይ ለማንም እንደማልናገር ፈርሜ የገባሁ መሆኔን ጋሼ ቶዮሺጌ ያውቃሉ። ፊርማዬን ሲያዩ ደስ ብሏቸው የጠጡት እሳቸው ነበሩ።

ለጋሼ ወገብ ግን እጅግ እሰጋለሁ። ዛፍ መጎንደል ለእሳቸው ዕድሜ ከባድ ሥራ ነው። ለዘንድሮ ቢተዉትስ? አንድ ዓመት ቢያርፉ ምን ይጎድላል? ወገባቸው እስኪድን ድረስ ይቆይ ብለው እባክዎ ይለምኑልኝ። ስለ ወገባቸው ነው የምለው።

ሹንሳኩ

ሂኖኡራ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1988

ለሹንሳኩ፣

ሳልመልስልህ የቆየሁት ታምሜ አይደለም፤ እጄ ከሥራ ስላልወጣ ነው። ልጅህ ትምህርት ቤት በመግባቷ እንኳን ደስ አላችሁ። ቦርሳዋን እኛ ልንገዛላት አስበን ነበር፤ ዘንድሮ አልሆነልንም፤ አትቀየሙን።

ጋሼ ደብዳቤዬን አነበቡት ወይ ትል ይሆናል። አነበበው እንጂ። እኛ ቤት ስብሰባ ነበር፤ ማኅበርተኛው ሁሉ እግሩን ከማሞቂያው ጠረጴዛ ሥር ዘርግቶ ተቀምጧል። ሳዳኦ ታዲያ ሹንሳኩ ምን አለ ሲለው፣ ወንድምህ ኮስተር ብሎ "ወገብህን ጠብቅ ነው የሚለው" አለ። ሌላስ? "የሩዝ ቂጣው አራት ማዕዘን ሆነብኝ ይላል።" ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ አልሳቅኩም። ስለ ወገቡ ሦስት ጊዜ መጻፍህ አልጣመኝም ነበርና ጥርጣሬዬን ተናገርኩ። ሳዳኦ ነው የመለሰልኝ።

"እስቲ አስቡት" አለ። "በዚህ መንደር ክፉ ወሬ በወረቀት ተጽፎ ያውቃል? የዚህ ልጅ አባት የሞተ ጊዜ እኔና ሟቹ አጎቴ ነን ለሁለት ሆነን ኡዋጂማ ከተማ ድረስ የሄድነው፤ እዚያ ተማሪ ነበር። በሩ ላይ ጎን ለጎን ቆመን ሲያየን፣ አፋችንን ሳንከፍት ገብቶት አለቀሰ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃል። ክፉ ነገር ቢኖር ሁለተኛ ሰው አስከትሎ በእግሩ ይመጣ ነበር እንጂ ቁጭ ብሎ ስለ ቂጣ አይጽፍም።"

ሁሉም ልክ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እውነቴን ነው፣ ልማዱ እንደዚያ ነውና እኔም ተቀበልኩት።

ስለዚህ ጀምረናል። ወንዶቹ በመጋዝ ይጎነድላሉ፤ እኛ ሴቶቹ አዲሱን ቅርንጫፍ ግንዱ ላይ ሰክተን በላስቲክ እናሥራለን። የታችኞቹ እርከኖች፣ የሳዳኦም ጭምር፣ አልቀው በነጭ ላስቲክ ተጠቅልለው ቆመዋል። ኮሄይ ሥራውን ለቅቆ ገብቷል። አባቱ ሲያየው መጋዙን ሰጠውና ቀድሞት ወጣ። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

የላይኞቹ፣ አባታችሁ የተከሏቸው፣ ገና አልተነኩም። ተራው የሚደርሳቸው በወሩ መጨረሻ ነው። ሹንሳኩ፣ ነገሩ ሳዳኦ እንዳለው ካልሆነ ና። ምንም አትጻፍልኝ፣ ምክንያት አትስጠኝ። አንድ ሰው አስከትለህ ከታች ከመንገዱ ብቅ በል፤ እኛ ከላይ ሆነን እናይሃለን፤ መጋዙ ይቆማል።

ኪኑዌ

ዋሽንግተን፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1988

ይድረስ ለእትዬ ኪኑዌ፣

ደብዳቤዎ ቶኪዮ ደርሶ ሚስቴ በአየር ፖስታ ወደዚህ ላከችልኝ። ከአለቆቼ ጋር አሜሪካ ነኝ፤ መቼ እንደምመለስ አልተነገረኝም። እንዳልመጣ ባሕር ከልክሎኛል። ደብዳቤዎን አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር እፎይታ ነበር፤ ባሕሩ ባይኖር ኖሮ ምን እል ነበር? ከዚያ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ስለ አገሩ ልንገራችሁ። ወንዙ ዳር ከእኛ አገር የመጡ የቼሪ ዛፎች አሉ፤ አበባቸው ረግፏል። የእኛ ሰዎች በየጧቱ ከዛፎቹ ሥር እየሄዱ ፎቶ ይነሣሉ። ሰዉ ደግ ነው፤ መንገድ ስጠይቀው አብሮኝ ይሄዳል። ከሆቴሉ ሥር ካለው ሱቅ አንድ ብርቱካን ገዝቼ ክፍሌ ውስጥ በላሁት። ጣፋጭ ነበር። ይህን ለጋሼ አይንገሯቸው።

አሁን የምጽፈውን ግን ለሁሉም ያንብቡላቸው። የእኔ ዝምታ ምንም ማለት አይደለም። ደግም ክፉም ማለት አይደለም። ስለ ወገብ መጻፌም፣ አለመምጣቴም ምንም አይነግራችሁም። ሳዳኦ ያሉት ልማድ የመንደር ልማድ ነው፤ እዚህ ያለው ሥራ ልማዳችንን አያውቀውም። ማንም በእኔ አለመምጣት ተማምኖ ዛፉን እንዳይቆርጥ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ ይህንንም መጻፍ አልነበረብኝም።

ፈርቼአለሁ፣ እትዬ። የምፈራው ግን መሥሪያ ቤቱን ይሁን ጋሼን ለይቼ አላውቅም።

ሹንሳኩ

ሂኖኡራ፣ ጁን 25 ቀን 1988

ሹንሳኩ፣

ስልክ እንደደወልክ ኮሄይ ነግሮኛል። እኔም አጠገቡ ነበርኩ፤ ውጪ ናት በለው ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዋሽንግተን የጻፍከው መቼ ደረሰ ብለሃል። ደርሷል፤ የላይኛው እርከን ሊያልቅ ጥቂት ዛፎች ሲቀሩት። እንዳልከኝ ሥራ አስቁሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ወንድምህ መጋዙን እንደያዘ ሰማኝና ሳቀ። "ይኸው ዛሬም ወረቀት ላከ" አለ። ሳዳኦም፣ አለቆቹ እንዲህ ብለህ ጻፍ ብለውት ነው፣ አሜሪካኖቹ ደብዳቤ ይከፍቱ ይሆናል አለ። ወረቀት በላክህ ቁጥር ልባቸው ይበልጥ ይደላደል ነበር። አንተ የሚቻልህን ጽፌአለሁ ትል ይሆናል። እኔ እንጃ።

ወሬውን የሰማነው ከሬዲዮ ነው። ሬዲዮ የሚለቅበት የማኅበሩ ድምፅ ማጉያ ሲጮኽ አረም ላይ ነበርን። ስምምነቱ ተፈረመ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የብርቱካኑ በር ይከፈታል፣ ጭማቂውም ይከተላል አለ፤ ቀጥሎ የአየር ጠባይ ነገረን። ማንም ቀና አላለም። የሳዳኦ ሚስት የጀመረችውን መስመር አርማ ጨረሰች።

ወንድምህ ቤት ገብቶ ገላውን ታጠበ፤ ለለቅሶ የሚለብሰውን ጥቁር ልብስ አውጪልኝ አለኝ። ከዚያ ወርዶ ሳዳኦን ጠራው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ከላይ እስከ ባሕሩ ድረስ በየቤቱ ዞሩ። ሰው ሁሉ ከሬዲዮ ሰምቶት ያለቀውን ነገር በየበሩ ቆመው እንደ አዲስ ተናገሩት። ኮሄይ ተከትሏቸው ነበርና እሱ ነው የነገረኝ። አባቱ በየቤቱ የሚለው አንድ ነበር፦ "ይህ ወሬ በእኔ ቤት በኩል ሊመጣላችሁ ይገባ ነበር፤ አልመጣም። ተማመኑ ብዬ ያስቆረጥኳችሁ እኔ ነኝ።" አንዳንዱ ቤት አስገብቶ ሻይ አቀረበላቸው። አንዱ ቤት በሩን አልከፈተም።

ሲመለስ አልተቆጣም፤ አልሰከረም። አንድ ነገር ጠይቂው አለኝ። መቼ ነው ያወቀው?

ኪኑዌ

ቶኪዮ፣ ጁላይ 20 ቀን 1988

ይድረስ ለእትዬ ኪኑዌ፣

ስለ ጤናችሁ መጠየቅ እንኳ አፈርኩ።

ጋሼ ለጠየቁኝ መልሱ ይህ ነው። ሣጥኑን አትላኩልኝ ብዬ የጻፍኩ ጊዜ አውቅ ነበር። በሩ እንደሚከፈት ያኔ ተቆርጦ ነበር፤ የቀረው ክርክር የትኛው ዓመት ላይ ይሁን የሚለው ብቻ ነበር። መኪናውና ቴሌቪዥኑ የሚገቡበት ገበያ ከሚዘጋ ብርቱካኑ ይግባ ተባለ። በጉባኤው ላይ የእኛን የኡዋን ባሕር ዳርቻ ስም የጠራ አልነበረም፤ የአባታችን ተራራ ከአንድ የመኪና ፋብሪካ ጋር ተመዝኖ ቀለለ። ያመዛዘኑት ሰዎች ጨካኞች አልነበሩም፤ አንዳቸው እንዲያውም ሲወጣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ያ ግን ለእናንተ ምንም አይረባችሁም።

ለምን አልመጣህም ለሚለው፣ ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ ማንን አስከትዬ እመጣለሁ፣ ቶኪዮ ላይ ለመርዶ አብሮኝ የሚሄድ ሰው የለኝም ልል ነበር። እውነትም የለኝም። ግን ሚስቴን ማስከተል እችል ነበር። ልማዱን ረስቼዋለሁ ብልም ውሸት ይሆንብኛል። ሳዳኦ በሩ ላይ ቆመው ያየኋቸውን ቀን እንዴት እረሳለሁ? ሳልመጣ በቀረሁ ቁጥር እናንተ እዚያ ምን እንደምትሉ ልቤ ያውቀው ነበር። ያም ሆኖ አልመጣሁም። ሥራዬን ወደድኩት፣ እትዬ። ጋሼ ፀሐይ ላይ ከርመው ያስተማሩኝን ትምህርት ይዤ እዚያ ክፍል ውስጥ መቀመጤን ወደድኩት።

አሁን ልምጣ። ለሙታን በዓል ፈቃድ ጠይቄአለሁ፤ ካስፈለገ ሥራዬንም እለቅቃለሁ። መንግሥት ዛፋቸውን ለሚነቅሉ ካሳ ሊሰጥ ነው፤ ጋሼ ሊነቅሉ ካሰቡ ቢያንስ ነቅዬ ላግዛቸው። መጋዝ ይዤ ከታች ብጀምር፣ ሳዳኦም ሌሎቹም ቢሰድቡኝ፣ ቢመቱኝም ይቀለኛል። እሺ ብለው አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ሹንሳኩ

ሂኖኡራ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1989

ሹንሳኩ፣

እኔ ደብዳቤ እንደማልጽፍ ታውቃለህ። ኪኑዌ አንተው ጻፍለት ብላ ብዕሩን ሰጥታኝ ወጣች። ለበዓሉ ልምጣ ብለህ መልስ ሳታገኝ በዓሉም አለፈ፣ ዓመቱም አለቀ፤ ከዚያ በኋላ የላክሃቸውንም አንብቤአለሁ። ሥራህን አትልቀቅ። የአንተ ሥራ መልቀቅ እዚህ አንድ ዛፍ አያበቅልም።

ዛፎቹ እንዴት ሆኑ ላልከው፣ ያዳቀልነው ሁሉ ያዘ። በሕይወቴ እንደዚህ የያዘ አላየሁም፤ አንድ ግንድ እንኳ አልከሸፈም። ሳዳኦ የእኔን እጅ ያወድሳል፣ እኔ የእሱን። በበጋው ቅጠሉ እንደዚያ ለምልሞ ሳይ ምነው ግማሹ እንኳ በደረቀ አልኩ። የካሳው ጉዳይ ሲመጣ ደግሞ ሰዎቹ ቶዮሺጌ ካልፈረመ አንፈርምም አሉ። አሁንም! ከዚያ ሁሉ በኋላ አሁንም የሚያዩት እኔን ነው። ፈረምኩ። እነሱም ፈረሙ። የጃንዋሪን ወር ሙሉ ስንነቅል ከረምን፤ የአባታችንን በመጨረሻ ነቀልኳቸው፤ ኮሄይ ሊያግዘኝ አልቻለም፣ መጋዙን አስቀምጦ ወረደ። አልፈረድኩበትም።

እሱ ኦሳካ ተመልሷል። ፋብሪካው ቦታህ በሌላ ሰው ተይዟል አለው። የሰው መኪና ማቆሚያ ይጠብቃል። የሠራኸውን መኪና አሜሪካ ልከህ ተራራዬን አስነቀልከኝ ብዬ ቀለድኩበት፤ አልሳቀም። ቀልዱ ለካ ቀልድ አልነበረም።

ሳዳኦ ለመንገድ ሥራ ጠጠር ይጭናል። በዚህ ዕድሜው። ማታ ሲመለስ ከበሩ ላይ ወደ እኛ ቀና ብሎ እንደ ድሮው "አመሸህ ወይ" ይለኛል። ሚስቱም ሰላምታ አልነፈገችኝም። ቢሰድቡኝ ኖሮ እተኛ ነበር።

ልምጣ ወይ ላልከው፣ ብትመጣ ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ። እናደዳለሁ፤ ምናልባት አንድ ሁለት ቃል እናገርሃለሁ። ከዚያ ኪኑዌ ምግብ ታቀርባለች፤ ትንሽ እንጠጣለን፤ ከስተሃል እልሃለሁ። ከዚያ ይቅር እልሃለሁ። ወንድሜ ነህ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ያን ቀን ቂሜ ያልቅና ደስ ይለኛል። በዚህ ገደል ላይ ደግሞ ድምፅ የሚሄደው ወደ ታች ነው። ሳዳኦ ከጠጠር ሥራው ገብቶ እግሩን ሲታጠብ የእኛን ሳቅ ይሰማል። አንተን ያመንኩ እኔ ነኝ፤ ወንድም አለኝና እታረቃለሁ። እሱ ያመነው እኔን ነው። እሱ ከማን ጋር ታርቆ ይረፍ?

ስለዚህ አትምጣ። ተቀይሜህ አይደለም። ብትመጣ ይቅር እንደምልህ ስለማውቅ ነው፤ እነሱ መካከል እየኖርኩ ያን ማድረግ አልችልም።

የእናታችን የሙት ዓመት በሚቀጥለው ወር ነው። መነኩሴውን አነጋግሬአለሁ፤ የልጆቿን ስም ሲጠራ ያንተንም ይጠራል። አንተ እዚያው ሆነህ አስባት።

ቶዮሺጌ